በካርታ ተደራቢ ፋይል ውስጥ የተመዘገበን የማሳ መረጃ በጃቫስክሪፕት ስለ ማንበብ

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በቡና አብቃይ ወረዳዎች የተመደቡ የልማት ሠራተኞች በእጅ ስልክና በጂፒኤስ የገበሬውን ማሳ እየዞሩ ወሰኑን ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ለዚህ ሥራ ዋናው ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ቁጥሩ 2023/1115 የሆነው የደን ምንጣሮን የሚመለከት ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና የተመረተበት ቦታ በትክክል መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ወሰኑ ዙሪያውን ይመዘገባል፤ ከዚያ በታች የሆነው ቢያንስ በአንድ ነጥብ፣ ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ባለው ኬክሮስና ኬንትሮስ ይገለጻል። ማሳውም ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (ዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ተመንጥሮ የተገኘ መሆን የለበትም። ደንቡ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ምዝገባው ግን በየወረዳው ቀጥሏል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከምዝገባው ቀጥሎ ያለውን ሥራ ነው። ከመሠረታዊ ማኅበራት የተሰበሰበው ፋይል ዩኒየኑ ቢሮ ደርሶ በኮምፒዩተር ሲከፈት፣ በሳተላይት ምስል ላይ ባለቀለም ቅርጾች ተደርድረው ይታያሉ። ማየቱ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ይህ ማሳ የማን ነው? ስፋቱ ስንት ነው? ቡናው መቼ ተተከለ? ተብሎ ሲጠየቅ ሥዕሉ ብቻውን መልስ አይሰጥም። መልሱ የሚገኘው በዚያው ፋይል ውስጥ፣ ከቅርጹ ጀርባ ተጽፎ ነው። በአንዳንድ ቦታ ሠራተኞች እያንዳንዱን ቅርጽ በተራ እየነኩ፣ የሚወጣውን ጽሑፍ እያዩ በመዝገብ ላይ በእጅ ይገለብጣሉ። ሁለት ሺህ ማሳ ላለው ማኅበር ይህ የሳምንታት ሥራ ነው፤ በመገልበጥ የሚገባው ስሕተትም ቀላል አይደለም። ስለሆነም መረጃው በቀጥታ ከፋይሉ እንዴት እንደሚነበብ፣ በንባቡም ጊዜ ገበሬውን ሊጎዱ የሚችሉ ስሕተቶች የት የት እንደሚገኙ እዚህ እናስረዳለን።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጃቫስክሪፕት ነው። ጃቫስክሪፕት በማንኛውም የኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ አብሮ የሚመጣ የትእዛዝ ቋንቋ ስለሆነ ተጨማሪ ግዢ አይጠይቅም፤ መስመር በሌለበት ጣቢያም ይሠራል። የልማት ሠራተኛው ራሱ ትእዛዙን ባይጽፍ እንኳ፣ የሚጽፈው የዩኒየኑ የመረጃ ሠራተኛ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቁ ሥራውን ለመቆጣጠር ይረዳዋል። የትእዛዞቹንና የምልክቶቹን ስም በዚህ ጽሑፍ እንደ አነጋገራቸው በፊደላችን አስቀምጠናል። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት ግን በላቲን ፊደል ነው።

ስለ ፋይሉ ይዘት

ተደራቢ ፋይል የምንለው ቀያሾች በካርታ ላይ ይደርቡት እንደነበረው አሳላፊ ወረቀት ያለ ነገር ነው። ካርታው ከታች ይኖራል፤ የኛ መስመርና ጽሑፍ ከላይ ይነጠፋል። በአገራችን ከሁሉ በላይ የሚዘወተረው ኬኤምኤል የተባለው ዓይነት ነው። ይህ አጻጻፍ የመጣው ኪሆል ከሚባል ኩባንያ ሲሆን፣ ጉግል በ2004 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን ገዝቶ በሚቀጥለው ዓመት ጉግል ኧርዝን አወጣ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬኤምኤል ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። የማንም ኩባንያ የግል ምሥጢር ስላልሆነ አወቃቀሩን ማንም ሰው አንብቦ ሊረዳው ይችላል።

ፋይሉ በጽሑፍ ማረሚያ ቢከፈት ተራ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ማሳ ፕሌስማርክ በሚባል ምልክት ተከፍቶ በዚያው ይዘጋል። በውስጡ ያለው ባጭሩ ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል፦

ፕሌስማርክ
— ኔም፦ ማሳ 0147
— ኤክስቴንድድዳታ
— — ዳታ፣ ስሙ «ባለይዞታ»፤ ቫልዩ፦ ኃይሉ
— — ዳታ፣ ስሙ «ስፋት»፤ ቫልዩ፦ 0.42
— — ዳታ፣ ስሙ «ቀበሌ»፤ ቫልዩ፦ (ባዶ)
— ፖሊጎን
— — ኮኦርዲኔትስ፦ 38.204116,6.161873,0 እያለ ይቀጥላል

የምንፈልገው ኤክስቴንድድዳታ በሚለው ሥር ያለውን ነው። እዚያ የሚገቡት ስሞች በምዝገባው ጊዜ እኛው ያወጣናቸው ናቸው፤ በአማርኛም ቢሆኑ ደረጃው አይከለክልም። የምልክቶቹ አጻጻፍ ግን በትልቅና በትንሽ ፊደል ይለያል። ፕሌስማርክና ዳታ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ ኔምና ቫልዩ በትንሽ። ኤክስቴንድድዳታ ሁለቱ ቃላት ያለ ክፍተት ተጣብቀው እያንዳንዳቸው በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። አንዷ ፊደል ብትሳሳት ትእዛዙ ምንም አላገኘሁም ይላል እንጂ ስሕተቱን አያመለክትም።

መረጃው ሁልጊዜ በዚህ መልክ አይመጣም። ኪውጂስ ከተባለው የካርታ ፕሮግራም የወጣ ፋይል ብዙውን ጊዜ ስኪማዳታ በሚል ምልክት ሥር ሲምፕልዳታ እያለ ይዘረዝራል፤ የዓምዶቹም ዓይነት ስኪማ በሚባል ክፍል ለብቻው ይገለጻል። ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ የሚለው እዚያ ቢጻፍም ጃቫስክሪፕት ሁሉንም እንደ ጽሑፍ ያነባል፤ ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ይታወስ። ሦስተኛው መልክ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች መረጃውን ሁሉ ዲስክሪፕሽን በሚባለው ምልክት ውስጥ ለዓይን በሚያምር ሠንጠረዥ አድርገው ይከቱታል። ለማየት ጥሩ ነው፤ ለማንበብ ግን ሠንጠረዡን እንደገና መፍታት ይጠይቃል። ይህ ዓይነቱ ፋይል ሲደርስ ላኪውን በሌላ መልክ እንዲያወጣው መጠየቅ ከመፍታቱ ይቀላል ብለን እናምናለን።

ስሙ በኬኤምዜድ የሚያበቃ ፋይልም ያጋጥማል። ይህ ኬኤምኤሉ ከሥዕሎቹ ጋር ታሽጎ የተቀመጠበት ነው። እንደ ዚፕ ፋይል ተከፍቶ በውስጡ ያለው ኬኤምኤል ይወጣል።

ስለ አነባበቡ

ገጹ ላይ የፋይል መምረጫ ሳጥን ይደረጋል። ሠራተኛው ፋይሉን ሲመርጥ ጃቫስክሪፕት ጽሑፉን በቴክስት ትእዛዝ ይቀበላል። ፌች የሚባለው ሌላው ትእዛዝ ፋይሉ በሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ያገለግላል። ገጹን ከኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት ጊዜ ነክተው በቀጥታ ከከፈቱት ግን ማሰሻዎች ለጥንቃቄ ሲሉ ፌችን ስለሚከለክሉ ሥራው ይቆማል። ለገጠር ቢሮ የምንመክረው የመምረጫ ሳጥኑን ነው።

ቀጥሎ ጽሑፉ ዶምፓርሰር ለሚባለው ተሰጥቶ በኤክስኤምኤል ደንብ እንዲፈታ ይታዘዛል። ዶምፓርሰር የተበላሸ ፋይል ቢሰጠው ሥራውን አያቆምም። ፓርሰርኤረር የሚል ምልክት የያዘ ውጤት ይመልሳል እንጂ። ይህ ምልክት መኖር አለመኖሩ ካልታየ፣ ፕሮግራሙ «ዜሮ ማሳ ተገኝቷል» ብሎ በሰላም ያልፋል። በብዛት የሚያበላሸው «እና» ለማለት የሚጻፈው & ምልክት ነው። በባለይዞታ ስም መካከል እንዲሁ ከገባ ፋይሉ በሙሉ አይፈታም።

ከዚያም ፕሌስማርኮቹ ሁሉ ጌትኤለመንትስባይታግኔም በሚባለው ትእዛዝ ይሰበሰባሉ። አንዳንድ ፋይል ከምልክቱ ስም በፊት ኬኤምኤል የሚል ቅጥያና ሁለት ነጥብ ስለሚያስቀድም፣ በዚሁ ትእዛዝ መጨረሻ ኤንኤስ የሚጨመርበትን ዓይነት ወስዶ፣ የቅጥያውን ቦታ በኮከብ መሙላት ሁለቱንም ያነባል።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ወደሚያሻው ደርሰናል። ሥራውን ለማቃለል ሲባል በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ስሞች ሁሉ በአንድ ዝርዝር፣ ስፋቶቹን ሁሉ በሁለተኛ፣ ወሰኖቹን ሁሉ በሦስተኛ ዝርዝር ሰብስቦ፣ አንደኛውን ከአንደኛው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው እያገናኙ መሄድ የተለመደ ነው። ሁሉም ማሳ ሁሉም መረጃ ቢኖረው ይህ ባልከፋ። ነገር ግን ከመቶው ማሳ አንዱ የስፋት ምልክት ቢጎድለው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ስፋቶች ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይሸሻሉ። የጎረቤት ስፋት ለጎረቤት ይሰጣል፤ ወሰኑም እንደዚሁ። ካርታው አሁንም ያማረ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ ንባቡ ምንጊዜም በፕሌስማርክ መጀመር አለበት። አንድ ፕሌስማርክ ተይዞ፣ በእርሱ ውስጥ ብቻ ያሉት ዳታዎች ተነብበው፣ አንድ ሙሉ መዝገብ ከተሠራ በኋላ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። የጎደለ ካለ በዚያው ማሳ ላይ ብቻ «ጎድሏል» ተብሎ ይጻፋል።

አንድ ገበሬ በወንዝ ወይም በመንገድ የተከፈለ ማሳ ሲኖረው ሁለቱ ቁራሾች መልቲጂኦሜትሪ በሚል ምልክት በአንድ ፕሌስማርክ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ስፋቱ የተጻፈው ለሁለቱም በአንድነት ነው። ፖሊጎኖቹን እየቆጠረ ለእያንዳንዱ 0.42 የሚል ፕሮግራም የገበሬውን መሬት እጥፍ ያደርገዋል።

ስለ ቁጥሮች

ከላይ እንደተባለው የሚነበበው ሁሉ ጽሑፍ ነው። በጃቫስክሪፕት የመደመር ምልክት በቁጥሮች መካከል ሲገባ ይደምራል፤ በጽሑፎች መካከል ሲገባ ግን ያጣብቃል። 0.42፣ 0.35 እና 0.50 ሄክታር የሆኑ ሦስት ማሳዎች ሲደመሩ 1.27 ሊሆኑ ሲገባ፣ ወደ ቁጥር ካልተለወጡ 0.420.350.50 የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህ በዓይን ስለሚታይ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው የማይታየው ነው።

ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጡ ሁለት የታወቁ ትእዛዞች አሉ፤ ፓርስፍሎትና ነምበር። ፓርስፍሎት ቁጥር እስካገኘ ድረስ ያነብና ሌላ ነገር ሲያይ በዚያው ያቆማል። «0.42 ሄ/ር» ሲሰጠው 0.42 ይላል፤ ይህ መልካም ነው። «2 ጥማድ» ሲሰጠው ግን 2 ይላል፤ በሄክታር ዓምድ ሥር ሁለት ሄክታር ሆኖ ይመዘገባል። ጥማድ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ልኬት ቢሆንም ሄክታር እንደማያህል ማንኛውም ገበሬ ያውቃል፤ ፓርስፍሎት ግን አያውቅም። የአሥርዮሽ ነጥቡ በኮማ የተጻፈውን 0,42 ደግሞ ዜሮ ያደርገዋል።

ነምበር ከዚህ ይሻላል። ያልለመደውን ነገር ካየ «ቁጥር አይደለም» ማለትም ናን የሚል መልስ ስለሚሰጥ ስሕተቱ ይጋለጣል። በግዕዝ አኃዝ የተጻፈም ቢሆን እንዲሁ ናን ይላል። ነምበርም ቢሆን አንድ ጉድለት አለው፤ ባዶ ጽሑፍ ሲሰጠው ዜሮ ይላል። ያልተለካ ማሳ ዜሮ ሄክታር የሆነ ማሳ አይደለም። ገዢው ድርጅት የተላከውን ቡና መጠን ከማሳው ስፋት ጋር ሲያነጻጽር፣ ከዜሮ ሄክታር አምስት ኩንታል ቡና የወጣ ሆኖ ቢታየው የሚጠረጠረው ገበሬው ነው። ስለዚህ ባዶ መሆኑ አስቀድሞ ይታይ፤ ባዶ ካልሆነ በነምበር ይለወጥ፤ ናን ከሆነ ማሳው ከነመለያ ቁጥሩ በሌላ ዝርዝር ተጽፎ ወደ ልማት ሠራተኛው ይመለስ። በግምት ማረም አይገባም።

ሁሉም ነገር ወደ ቁጥር ይለወጥ ማለታችን አይደለም። የማሳ መለያ ቁጥር ጽሑፍ ሆኖ መቅረት አለበት። 0147 ወደ ቁጥር ሲለወጥ 147 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ሲተያይ አይገኝም። የስልክ ቁጥርም እንዲሁ የመጀመሪያውን ዜሮ ያጣል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር

ቡናው የተተከለበት ዓመት በሚለው ዓምድ «2014» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል እንበል። ገበሬውም የልማት ሠራተኛውም በልባቸው ያለው 2014 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 2021 እና 2022 ላይ ይውላል። አውሮፓ ያለው አንባቢ ግን 2014 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነበዋል፤ ከደንቡ የመለያ ቀን በፊት የተተከለ ይመስለዋል። ኋላ በሳተላይት ምስል ሲመረመር ነገሩ ካልተገናኘ፣ የአቆጣጠር ልዩነት መሆኑ ይቀርና ሐሰተኛ መረጃ እንደተሰጠ ይቆጠራል። በተለይ 2013 ዓ.ም. አስቸጋሪ ዓመት ነው። የደንቡ መለያ ቀን ታኅሣሥ 22 በዚሁ ዓመት ውስጥ ስለሚውል፣ ዓመቱ ብቻ ተጽፎ ወሩ ካልተጻፈ ምንጣሮ ተደርጎ ከነበረ ከቀኑ በፊት ይሁን በኋላ መለየት አይቻልም። ለዚህ ዓመት ወሩም ይጠየቅ።

ጃቫስክሪፕት ዴት በሚባለው ትእዛዙ ቀንን የሚያነበው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የኛን ቀን ቢሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ተቃውሞ ይቀበላል፤ የሚቃወመው ጳጉሜን ስታጋጥመው ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና። በአንጻሩ የአውሮፓውን ቀን በኛ አቆጣጠር አድርጎ ለማሳየት ኢንትል በሚባለው ክፍሉ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ተዘጋጅቶለታል። የኛን ወደ እነርሱ ለመለወጥ ግን ስሌቱ ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል፤ የቀኑ ስሌት በጳጉሜን ስድስት ምክንያት በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚዛነፍ ለብቻው መታየት አለበት። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው በቅጹ ላይ ራሱ «የተተከለበት ዓመት ዓ.ም.» እያሉ የዓምዱን ስም ከነአቆጣጠሩ መጻፍ ነው።

ስለ ስሞች አጻጻፍ

አንድ ኃይሉ በማኅበሩ መዝገብ «ኃይሉ»፣ በስልኩ ምዝገባ «ሀይሉ»፣ በገንዘብ መክፈያው ዝርዝር «ሐይሉ» ተብሎ ይገኛል። ለሰው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ሰዎች። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸም ይህንኑ ያስከትላሉ። ለማመሳከር ሲባል ብቻ ፕሮግራሙ በውስጡ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ሊመልሳቸው ይችላል፤ በሰባቱም ሆሄያት መሆኑ ይታወስ። ሀ እና ሃም አብረው ይታዩ። ይህ ሲደረግ ገበሬው ስሙን የጻፈበት አጻጻፍ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። እንዲያም ሆኖ ስም ማመሳከሪያ መሆን አይችልም፤ በአንድ ቀበሌ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ገበሬዎች ማግኘት የተለመደ ነው። ማመሳከሪያው የማሳው መለያ ቁጥር ይሁን።

በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ተደርድረው ከታዩ፣ መረጃው በጉዞው መካከል አንድ ቦታ ላይ የኛን ፊደል በማይዝ አቀማመጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። የጠፋውን ከዚያ ፋይል መመለስ አይቻልም። ከስልኩ እንደገና ማውጣትና በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የስልኩ ምዝገባ ፋይሉ እስኪመረመር ድረስ አይሰረዝ።

ስለ ነጥቦች አቀማመጥ

በኬኤምኤል ኬንትሮስ ይቀድማል፤ ኬክሮስ ይከተላል፤ ከፍታ ካለ ሦስተኛ ይመጣል። ሦስቱ ያለ ክፍተት በኮማ ይለያያሉ፤ አንዱ ነጥብ ከሌላው በክፍተት ይለያል። እንደ ሊፍሌት ያሉ የጃቫስክሪፕት የካርታ መሣሪያዎች ግን ነጥብ ሲሰጣቸው ኬክሮስን አስቀድመው ይጠብቃሉ። (ሊፍሌት የሚለው ቃል እንደዚህ ያለች በራሪ ጽሑፍም ማለት ነው።) ተገላቢጦሽ የሚመጣው በዚህ መካከል ነው። ይርጋ ጨፌ አካባቢ ያለ ማሳ 6.16 ኬክሮስና 38.20 ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ቢገለበጥ ከአልጄሪያ በስተ ሰሜን ሜዲቴራንያን ባሕር ውስጥ ይገኛል።

ለኛ አገር ይህን ለመቆጣጠር እጅግ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ በኬክሮስ በ3 እና በ15፣ በኬንትሮስ በ33 እና በ48 ዲግሪ መካከል ስለምትገኝ ሁለቱ ቁጥሮች ፈጽሞ አይደራረቡም። ፕሮግራሙ የመጀመሪያው ቁጥር ከ33 በታች የሆነበትን ነጥብ ሁሉ እንዲያቆም ማዘዝ ይበቃል። ይህን ያህል ምቹ ሁኔታ ያለው አገር ብዙ አይደለም።

ስድስት አኃዝ መጻፍ ነጥቡን በወረቀት ላይ እስከ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያጠብበዋል፤ የእጅ ስልክ ግን በዛፍ ጥላ ሥር በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። አኃዙ ሲነበብ መቆራረጥ እንደሌለበት ሁሉ፣ አራት አኃዝ ብቻ ያለውን ነጥብ ዜሮ እየጨመሩ ስድስት ማድረስም ማታለል ነው። ነጥብ የሚወሰደው ከማሳው ውስጥ እንጂ ከገበሬው ደጃፍ ሆኖ መሆን የለበትም። ከአሮጌ የመሬት ካርታ ላይ ቁጥር የሚገለብጡም አሉ። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ሲሆን፣ ኬኤምኤል የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ነው። ሳይለወጥ የተገለበጠ ማሳ ከመቶ ሜትር በላይ ከቦታው ይርቃል፤ በጫካ ዳር ባለ መንደር ይህ ርቀት ቡናውን ደን ውስጥ ይከተዋል።

የተነበበውን ስፋት ከወሰኑ ጋር ማስተያየትም ይቻላል። ተርፍ የሚባለው ነጻ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ የፖሊጎኑን ስፋት በካሬ ሜትር ያወጣል፤ ለ10,000 ሲካፈል ሄክታር ይሆናል። ጥቂት ልዩነት አያስደነግጥም። ሁለቱ በእጥፍ ከተለያዩ ግን ወይ ልኬቱ በጥማድ ነበር፣ ወይ ወሰኑ የሌላ ማሳ ነው፤ ማሳው ድረስ ተሂዶ ይታይ።

ስለ መረጃው ጥበቃ

የጉግል ካርታ ኬኤምኤልን በራሱ የሚደርብበት መንገድ አለው፤ ኬኤምኤልሌየር ይባላል። ይህ መንገድ ፋይሉ ማንም ሰው ሊያገኘው በሚችል የኢንተርኔት አድራሻ ላይ እንዲቀመጥ ይጠይቃል፤ ፋይሉን የሚያነበውም የማኅበሩ ኮምፒዩተር ሳይሆን የኩባንያው ሰርቨር ነው። የገበሬው ስም፣ ስልኩና የመሬቱ ወሰን በአንድነት የተጻፈበትን ፋይል እንደዚህ ማስቀመጥን አንደግፍም። ከዚህም ሌላ በስኪማ የተዘረዘረውን መረጃ ኬኤምኤልሌየር አያነብም። ከላይ ባሳየነው መንገድ በመምረጫ ሳጥን የተከፈተ ፋይል ግን ከቢሮው አይወጣም።

በሌላ ኩባንያ አገልግሎት ላይ መደገፍ ሌላም ችግር አለበት። ተደራቢ ፋይሎችን በገጽ ላይ ይከፍት የነበረው የጉግል ኧርዝ ተቀጥላ እንደሚዘጋ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተነግሮ ኋላ ቆሟል፤ ፊውዥን ቴብልስ የሚባለውም በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተዘግቷል። በእነዚህ ላይ የተሠሩ ገጾች ሁሉ አብረው ቆመዋል። ኬኤምኤሉን በእጃቸው ያቆዩ ግን መረጃቸውን አላጡም።

የተነበበው መረጃ በገጽ ላይ ሲታይ ቴክስትኮንተንት በሚባለው ትእዛዝ ይጻፍ፤ ኢነርኤችቲኤምኤል በሚባለው አይጻፍ። ሁለተኛው በፋይሉ ውስጥ ሰው ሆን ብሎ የደበቀው ትእዛዝ ቢኖር እርሱንም ሊሠራው ይችላል።

መረጃውን ስለ ማስተላለፍ

የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ሥርዓት የማሳዎችን አቀማመጥ የሚቀበለው ጂኦጄሰን በሚባለው መልክ ነው። ከኬኤምኤል ወደ ጂኦጄሰን መለወጥ ከባድ አይደለም፤ በዚህም ኬንትሮስ ይቀድማል፤ የወሰኑ የመጨረሻ ነጥብም ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቱጂኦጄሰን የተባለ ነጻ መሣሪያ ኤክስቴንድድዳታውንም ጭምር ፕሮፐርቲስ ወደሚባለው ክፍል ያሻግራል። መሣሪያው ጥማድን ከሄክታር፣ ዓ.ም.ን ከእ.ኤ.አ. ስለማይለይ፣ ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ ከለውጡ በፊት መደረግ አለበት።

ለገዢ የሚሄደው ፋይል የሚጠየቀውን ብቻ ይያዝ፤ የስልክ ቁጥርና ሌላ የቤተሰብ መረጃ በዚህ ጊዜ ይቀነስ። ከልማት ሠራተኛው የመጣው የመጀመሪያው ኬኤምኤል ሳይነካ፣ ቀኑና የቀበሌው ስም ተጽፎበት በማኅበሩ ዘንድ ይቀመጥ። ፋይሉ ከመላኩ በፊት ሦስት ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ በኬኤምኤሉ የነበሩት ፕሌስማርኮች ብዛት፣ በጂኦጄሰኑ የወጡት ማሳዎች ብዛት፣ ጎደሎ ሆነው ወደ ልማት ሠራተኛው የተመለሱት ብዛት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተደምረው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ካልሆኑ አንድ ገበሬ በመካከል ቀርቷል ማለት ስለሆነ፣ ማን እንደሆነ በመለያ ቁጥሩ እስኪገኝ ፋይሉ አይላክ።